የወፏ ድርሻ

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 11፡30፣ ጂንካ

ከጎረቤቴ ከታሪኩ ሞተር ጀርባ ተፈናጥጫለሁ። ባለቤቴ ሁለት ባዶ ጆንያ አስይዛኛለች። "ከአልዱባ ገበያ ከሰል፣ የግራር ይሁን!" ብላለች። የግራር ከሰል የማይወድ ማን አለ?

1፡10፣ የካኮን ከተማ አለፍ ብሎ

እዚህ ሣሩ ወገብ ይደርስ ነበር፤ ድኩላ ሲሻገር ቆመን አሳልፈናል። ዛሬ ቀይ አፈርና እሾህ ብቻ ነው።

"ዝናቡስ?"

"ይመጣል፣ ሰላም ብሎ ይሄዳል" አለ ታሪኩ።

3፡00፣ አልዱባ

ገበያው እስኪደራ የታሪኩ ወዳጅ አይኬ ዘንድ ጎራ አልን። የበና ብሔረሰብ ሽማግሌ፣ ንብ አርቢ ናቸው። ደጃቸው ላይ ትልቅ ግራር አለ፤ ከተሰቀሉት ቀፎዎች ንብ የቀረው በአንዱ ብቻ ነው። ከግራሩ ሥር፣ ድንጋይ ላይ፣ ማር የያዘ ሰፈፍ አየሁ። የተረሳ መስሎኝ ገምጬ ጎረስኩ።

"መልስ!" ጮኹ ሽማግሌው። "የወፍ ነው!"

ታሪኩ እየሳቀ አስረዳኝ፦ በፉጨት ሲጠሯት ወደ ዱር ማር የምትመራ ወፍ አለች፤ ማር በተቆረጠ ቁጥር ድርሻዋ ይቀመጥላታል። የተረፈውን በኀፍረት መለስኩ።

"አባባ፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ መጣች?"

"ሁለት በልግ ሆነ፣ የለም። ዝናብ የለ፣ አበባ የለ፣ ንብ ሄደ። እሷም ሄደ።"

"ታዲያ ለምን ያስቀምጣሉ?"

"ስትመጣ ባዶ ድንጋይ ታይ?"

ይህን ስንባባል መጥረቢያ የያዙ ሁለት ከሰል አክሳዮች መጡ። ግራሩን ከሰጧቸው በቆሎ ሊያመጡላቸው ነው። የሽማግሌው ጎተራ ባዶ መሆኑን ስገባ አይቻለሁ። እሳቸው ግን በርጩማቸውን አንስተው ከግንዱ ጋር ተደግፈው ተቀመጡ።

"ቁረጥ። መጀመሪያ እኔን አንሳ።"

"እንመለሳለን" አለ አንደኛው።

"ና! እኔ እዚህ ነኝ።"

ሰውየው ሲሄድ ወደ ጆንያዎቼ ጠቆመ። "ይሄስ ምን ሊገዛ መጣ? ለእሱ አይደል የምንቆርጠው?"

ሽማግሌው ጆንያዎቹን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን። እንደ ዛሬ አፍሬ አላውቅም።

ስንነሳ ወደ ዱሩ ዞረው ረጅም ፉጨት አፏጩ። ቆመን ጠበቅን፤ ምንም አልመለሰም። እንደገና አፏጩ።

10፡00፣ ጂንካ

"ከሰሉስ?" አለች ባለቤቴ።

"አላመጣሁም።"

"በምን ልቀቅል ታዲያ?"

"የጓሯችንን ባሕር ዛፍ እፈልጥልሻለሁ።"

"በጭስ ልትገለኝ ነው?"

መጥረቢያዬን ይዤ ወጣሁ። የሳምንት ማክሰኞም ትጠይቀኛለች። ያን ጊዜም አላመጣም።