ግልገሉ ነው ያልነው መንጋጋ

ስድስተኛ ክፍል ስማር ክፍላችን እርጥብ ባሕር ዛፍ፣ ጠመኔና የፈረስ ላብ ይሸት ነበር፤ የዳንግላ ጋሪዎች ማቆሚያ ከአጥራችን ጀርባ ነበርና። በዚያ ሽታ መሀል የሳይንስ መምህራችን ስለ ጠፉ ግዙፍ እንስሳት ያስተማሩን ቀን ዛሬም አይረሳኝም።

በኦሞ ሸለቆ አጥንቱ ድንጋይ ሆኖ ስለተገኘ የዝሆን ዘመድ ነገሩን። ከዛሬው ዝሆን ይገዝፋል፤ ትልልቆቹ ጥርሶቹ ከታችኛው መንጋጋው ወጥተው ወደ መሬት ይታጠፋሉ። የሚበላውም የዛፍ ቅጠል ነበር። «ታዲያ አገሩ ደርቆ፣ ደኑ ሳስቶ፣ ቦታውን ሣር ሲወርሰው ምን ይብላ?» ብለው ጠየቁን። ቅጠል ለመቆራረጥ የተሠራ ጥርስ ሻካራ ሣር መፍጨት እንደማይሆንለት አስረዱን። በዚያ ላይ ዝሆን አንድ ግልገል ለመውለድ ሁለት ዓመት ገደማ ያረግዛል፤ ቁጥሩ አንዴ ከቀነሰ ቶሎ አይተካም። ሊቃውንቱ የጠፋበትን ምክንያት እንዲህ እንደሚገምቱ ነገሩን። እኔ ያን ቀን ምሳዬን እንኳ በቅጡ አልበላሁም።

ሐሙስ ከትምህርት ስንመለስ ከጓደኛዬ ከጥሩዬ ጋር ወንዝ ዳር ጠጠር ስንጫወት፣ ክረምቱ ከናደው ገደል ውስጥ አንድ መንጋጋ ብቅ ብሎ አየን። በእንጨት ቆፍረን አወጣነው። ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ ይደርሳል።

«ትንሽ ነው እኮ» አልኩ ቅር ብሎኝ።

«ግልገሉ ነዋ!» አለች ጥሩዬ።

በቃ፣ ነገሩ አለቀ። ሰኞ ሰኞ ከሰንደቅ ዓላማ በኋላ አንድ ተማሪ ያወቀውን ነገር በሰልፉ ፊት ይናገር ነበር፤ የሚቀጥለው ተራ ደግሞ የእኔ ነበር። ዓርብ ዕለት «ሰኞ በዓለም ላይ የሌለ እንስሳ አሳያችኋለሁ» ብዬ ላገኘሁት ሁሉ ለፈፍኩ። ወንዶቹም «ውሸት ከሆነ ዓመቱን ሙሉ ‹ዝሆኗ› ነው የምንልሽ» ብለው ዛቱብኝ።

ሰኞ ጠዋት መንጋጋውን በማዳበሪያ ከረጢት ይዘን፣ የጎረቤታችን የአያ ይስማው ጋሪ ላይ ወጣን።

«ምንድን ነው የተሸከማችሁት እናንተ?»

«ከምድር የጠፋ እንስሳ ነው፣ አያ ይስማው።»

ጋሪውን አቁመው ከረጢቱን ገለጡት። ከዚያ ሳቁ። «ይሄማ መች ጠፋ! ይኸው እየጎተተሽ አይደል?»

ወርደው የፈረሳቸውን ከንፈር ገለጥ አድርገው አሳዩን። ጥርሱ ያው ጥርስ ነበር፤ ረጅምና እንደ ወፍጮ ድንጋይ ጠፍጣፋ። «ሣር ሲፈጭ ያረጀ ፈረስ ነው» አሉ።

ፊቴ ጋለ። ጥሩዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ተማሪዎቹ በምን ያውቃሉ? ዝም ብለሽ ተናገሪ» አለችኝ። ልስማማ ምንም አልቀረኝም ነበር። አያ ይስማው ግን ሰምተዋት ኖሮ ልጓሙን እየሰበሰቡ እንዲህ አሉ፦ «ፈረስ ሻጭ ሁሉ ‹ስድስት ዓመቱ ነው› ይለኛል። አፉን ከፍቼ ከጥርሱ አሥራ አምስት ዓመት ሳገኝበት፣ ፈረሱን እገዛው ይሆናል። ከሰውዬው ግን ሁለተኛ አልገዛም።»

ሰልፉ ፊት ቆሜ መንጋጋውን ከከረጢቱ አወጣሁ። «በዓለም ላይ የሌለ እንስሳ አሳያችኋለሁ ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ፈረስ ነው» አልኩ።

ሰልፉ በሳቅ ተበተነ። «ዝሆኗ! ዝሆኗ!» የሚለው ጩኸት እስከ ጋሪ ማቆሚያው ተሰማ። ዕንባዬ ሊመጣ ሲል መንጋጋውን ከፍ አደረግሁት። «ቆይ፣ ጥርሱን እዩት! ይሄ ሣር ይፈጫል። የዚያ የጠፋው የዝሆን ዘመድ ጥርስ ግን ቅጠል መቁረጫ ነበር። ዛፉ ሲያልቅ ፈረስ በላ፣ እሱ ተራበ!» ከአፌ ሲወጣ ነው እኔም በደንብ የገባኝ። ሳቁ ቀስ በቀስ በረደ።

መምህራችን ወደ በሩ ሮጡ። «አያ ይስማው፣ እባክዎ ፈረስዎን ያስገቡልን!» አያ ይስማውም ኮታቸውን አስተካክለው እንደ ሙሽራ አጃቢ እየተንጎራደዱ ገቡ። ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያለው ተማሪ በተራ በተራ እያለፈ የፈረስ አፍ ተመለከተ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በዚሁ አለቀ፤ ፈረሱም በመሀል የርዕሰ መምህሩን አበባ ግማሹን ጋጠው። «ዝሆኗ» የሚለው ስም እስከ ስምንተኛ ክፍል አልለቀቀኝም፤ እኔም ስጠራበት አቤት እል ነበር።

አሁን እንጅባራ ሳይንስ አስተምራለሁ። ያኔ በምናብ ብቻ ያየነውን ግዙፍ እንስሳ የዛሬ ልጆች ኔትወርክ ካለ በስልክ ሥጋ ለብሶ ሲራመድ ያዩታል፤ ደስ ይለኛል፣ ትንሽም እቀናለሁ። መሳሳትን ግን ከእኛ ይልቅ ይፈራሉ። ባለፈው ሳምንት ከዘንገና ሐይቅ በኩል የምትመጣ ተማሪዬ ጥቁር ድንጋይ ይዛ መጥታ «የግዙፍ እንስሳ ጥርስ ነው» አለች። ከኋላ ተደብቆ ስልኩን የነካካ ልጅ «የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ክፍሉም ሳቀ። ልጅቷ አቀርቅራ ድንጋዩን ወደ ቦርሳዋ መመለስ ጀመረች።

«ቆይ፣ አታስገቢው» አልኳት፤ ጠመኔዬን አስቀምጬ ቦታዬን ለቀቅሁላት። «ወደ ፊት ነይና ጥርስ ነው ያሰኘሽን ነገር ንገሪን።»