ስድስት ሰው በምቾት

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ናዝሬት ስንኖር ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ዛሬም ግን የታክሲ ረዳት «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ በምቾት ይሄዳል!» ሲል ደሜ ይፈላል። ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ ያቺ ቃል ምን እንዳደረገችኝ የማውቀው እኔ ነኝ።

ልብስ ሰፊ ነበርኩ። የምንኖረው ሁለት ክፍል ባለው የቀበሌ ቤት ነው። በአንደኛው እኔ፣ ባለቤቴና ሦስት ልጆቻችን እንተኛለን። ሁለተኛው የአባቴ ነበር። አባቴ ወንጂ አገዳ ሲቆርጥ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ እኔ ጋ መጣ። ደረቱን ስለሚያፍነው መስኮት ያለውን ክፍል ለቀቅኩለት። ቀን ቀን የስፌት መኪናዬን እዚያው አድርጌ እያጫወትኩት እሰፋለሁ።

ከግቢው ማዶ አለሚቱ ነበረች። ወንጂ ሠራተኞች ሰፈር አንድ አልጋ ላይ እየተገፋፋን ያደግን ጓደኛዬ ናት። ባሏ ሰሜን ዘምቶ አምስት ልጆች ይዛ በአንዲት ጠባብ ክፍል ትኖር ነበር። ቤቷ ስገባ እግሬን የማሳርፍበት ቦታ አጣለሁ።

መቼም የኔ እጅ አርፎ አይቀመጥም። ከቁራጭ ጨርቅ የልጅ ሱሪ ማውጣት ከቻልኩ ከጠባብ ክፍል ሰፊ ቤት ማውጣት ለምን ያቅተኛል አልኩ። የጫማ ካርቶን አነሳሁና የአለሚቱን ክፍል አምሳያ ሠራሁ። አልጋዎቹን ያበጀሁት ከክብሪት ቀፎ ነው። ጠዋት በአራት ክር ተስበው ጣሪያው ሥር ይሰቀላሉ፤ ቀኑን ሙሉ ኮርኒስ ሆነው የናዝሬትን የቆርቆሮ ግለት ይከላከላሉ። ማታ ክሩ ሲለቀቅ ይወርዳሉ። ጠረጴዛው ከግድግዳ ላይ በማጠፊያ ይዘረጋል፤ ሲታጠፍ ጀርባው ለልጆቹ ጥቁር ሰሌዳ ይሆናል። የበርጩማዎቹ ሆድ ደግሞ ልብስ ይይዛል።

አለሚቱ ስታየው እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አንቺ ሴትዮ፣ የት ነበርሽ እስከ ዛሬ?» አለችኝ።

ባለቤቴ እንጨት እስኪያፈላልግላት ካርቶኑ እሷ ጋ ይቆይ ተባባልን።

የአብዮት በዓል ሲቃረብ በቀበሌው አዳራሽ የእጅ ሥራና የፈጠራ ኤግዚቢሽን እንደሚዘጋጅ ተነገረ። አለሚቱ ካርቶኑን ታቅፋ ከተፍ አለች።

«አውጪው እንጂ! ስንቱ የዳንቴል ሥራ በሚደረደርበት» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የኔ ቤት ነው ግን እንዳትዪ፤ ልጆቿን አጭቃ ትኖራለች ሲሉኝ አፍራለሁ። የራሴ ቤት ነው በይ። እናንተም እኮ ስድስት ናችሁ።»

አንጀቴን በላችው። እሺ አልኳት። አባቴ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ይሰማን ነበር።

«የሌለውን ለምን ታወሪያለሽ?» አለኝ እሷ ስትወጣ።

«አባባ ደግሞ! ካርቶን እኮ ነው» አልኩት።

በበዓሉ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የቀበሌው ሊቀመንበርና የቤት ጉዳይ ኮሚቴው ሰዎች እየዞሩ መጥተው ፊቴ ቆሙ። ክሩን ስስበው አልጋዎቹ ወጡ፤ ስለቀው ወረዱ። ሰው አጨበጨበልኝ። በሕይወቴ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም።

«ለመሆኑ እህቴ፣ ስድስታችሁም በአንድ ክፍል ትችሉታላችሁ?» አለ ሊቀመንበሩ።

አለሚቱን አየኋት። ከኋላው ቆማ፣ በርቺ በሚል ዓይነት ራሷን ነቀነቀችልኝ።

«በምቾት!» አልኩ።

ከኮሚቴው አንዱ ደብተሩ ላይ ጻፈ። እኔ ለሽልማት የሚመዘግበኝ መስሎኝ ቀና ብዬ ቆምኩ። በእርግጥ ፔርሙስ ሸልመውኛል።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደብዳቤ መጣ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ አነበበው። ስድስት ሰው በአንድ ክፍል በምቾት መኖር እንደሚችል ወይዘሮዋ ራሳቸው በሕዝብ ፊት ስላረጋገጡ፣ ትርፍ ሆኖ የተገኘው ክፍል ለዘማች ቤተሰብ ለወይዘሮ አለሚቱ፣ ባቀረቡት ማመልከቻ መሠረት እንዲሰጥ ተወስኗል ይላል። የማመልከቻው ቀንም ተጠቅሷል። የጻፈችው ካርቶኑን ታቅፋ «አውጪው እንጂ» ልትለኝ ከመምጣቷ በፊት ነው።

በነጠላ ጫማ ሮጬ ሄድኩባት። ዕቃዋን እየጠቀለለች ነበር።

«አለሚቱ፣ አንቺ ነሽ ይሄን ያደረግሽኝ?»

አልካደችም። ቀና ብላም አላየችኝም።

«አምስት ልጅ የት ላድርግ?» አለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ክፍሉን ትሰጪኝ ነበር?»

አባቴን አስወጥቼ እንደማልሰጣት ታውቃለች። ችግሯን አላጣሁትም። ግን ምነው በቀጥታ ተጣልታኝ በወሰደችው! ለእሷ ብዬ በሠራሁት ካርቶን፣ በገዛ አፌ አስወሰደችኝ።

አቤቱታ ብናቀርብ «ታዲያ ሕዝብ ፊት ዋሽተሻል ማለት ነው?» አሉኝ። ባለቤቴ እጄን ይዞ አወጣኝ።

አባቴ ከኛ ጋር ተደረበ። መስኮት የሌለው ክፍል አልተስማማውም፤ ሳሉ ባሰበት። ዝዋይ ያለው ወንድሜ መጥቶ ሊወስደው ሆነ። ወደ መናኸሪያ የሚያደርሰው ጋሪ ላይ ስንደግፈው እንደ ልማዱ «ኢንተለ ኮ»፣ ልጄ፣ ብሎ ጠራኝና፣ «ካርቶን ነው ብለሽኝ አልነበር?» አለኝ። ሊያስቀኝ ብሎ ነው። እኔ ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲያ እኔ ጋ ተመልሶ አልኖረም።

በሁለቱ ክፍሎች መሃል ያለው በር በሚስማር ተመታ። ከአለሚቱ ጋር ሰላምታ አቆምን።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ጠዋት ከግድግዳው ማዶ የገመድ ሲጥጥታ ሰማሁ። ትንሽ ይሄድና ይይዛል፤ ልጆቹ «ያዘው! ያዘው!» ይላሉ። የኔን አልጋ አሠርታ እየሰቀለችው ነው። በየጠዋቱ ይሄው ሆነ፤ ሲጥጥ ይላል፣ መሃል ላይ ይነክሳል።

አንድ ቀን በሬ ላይ መጥታ ቆመች።

«ገመዱ እየያዘ አስቸገረኝ። ካርቶኑ ላይ እንዴት ነበር ያደረግሽው?»

ለእሷ ያጠራቀምኩት ስድብ ሞልቶኝ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«አራቱ ገመዶች እኩል አይደሉማ። በግድግዳው በኩል ያለውን አሳጥሪው። ሳሙናም ቀቢው።»

ምክሬን ተቀብላ ሄደች።

ይቅር ብያት እንደሆነ ሰው ይጠይቀኛል። አላልኳትም፤ አሁንም አልልም። ያልነገርኳቸው ግን አንድ ነገር አለ። በማግስቱ ጠዋት ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ስጠብቅ ነበር። አልጋው ሲጥጥ ሳይል፣ ሳይነክስ እስከ ጣሪያው ወጣ። አባቴ ይተኛበት በነበረው ክፍል ውስጥ። እኔም ደስ አለኝ። እሷ ያደረገችኝን ሳስብ እናደዳለሁ፤ ያቺን ደስታ ሳስብ ግን አባቴን አፍረዋለሁ።