የምብራት መልክ

እምሩ ወደ ፎቶ ቤቱ የሚገባውን ሰው ሁሉ ይንቃል። ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ፒያሳ ሲወጣ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ፊልተር ሲጭን ዓመታት አልፈዋል። ጠይሙ ቀይ ልሁን ይላል፤ ቀዩ ደግሞ ወተት መምሰል ያምረዋል። ሰማዩ ካልቀላ፣ ሳሩ ብርቱካን ካልመሰለ ፎቶ የተነሡ አይመስላቸውም። «የገዛ ፊታቸውን ተጸይፈው የሰው ፊት ይዘው ይሄዳሉ» ይላል ለጎረቤቱ ለልብስ ሰፊው ለኑሪ። ሳይጠየቅም ቀላ ያደርጋቸዋል። ዋናውን ፎቶ ደግሞ ወዲያው ያጠፋዋል፤ ማን ሊፈልገው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጥቁር የለበሱ ሴት ገቡ። የአምስት ኪሎዋ እትዬ ዓለምጸሃይ ናቸው። ባለፈው ዓመት እህታቸውን ምብራትን ይዘው መጥተው ፎቶ አስነሥተዋት ነበር። ያንኑ ፎቶ ከቦርሳቸው አውጥተው ባንኮኒው ላይ አኖሩት።

«ምብራት አረፈች» አሉ። «ለአርባዋ በትልቁ ላሳጥበው ፈልጌ ነበር። ግን ይኼ እሷን አይመስልም። ያኔም ‹ይቺ ደግሞ ማናት?› ብላ መሳቢያ ውስጥ ነው የከተተችው። ሳትነካካው በፊት የነበረውን ስጠኝ።»

እምሩ ማውዙን ወዲያ ወዲህ አደረገ። እንደሌለ ያውቃል።

«አጠፋሁት፣ እትዬ። ሰው ሁሉ ቀላ ማለት ስለሚወድ…»

«እሷ አቅላኝ አለችህ?»

አላለችውም። እነዚያ የሚንቃቸው ሰዎች ያበላሹት የራሳቸውን ፊት ነው፤ እሱ ግን ምንም ያላለችውን ሴት ፊት ወስዶ ጥሏል። ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን ናቀ።

«መልካችሁ ይመሳሰል ነበር?» አለ።

«ቆዳችን አንድ ነው። የእናታችን ነው።»

ወንበር ስቦ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጣቸው። ኮምፒውተሩ ውስጥ የቀረውን የቀላ ፎቶ ከፍቶ፣ እሳቸውን እያየ የምብራትን ፊት ያጠይም ጀመር። መጀመሪያ ከሰል መሰለች፣ ቀጥሎ ሸክላ። እትዬ ዓለምጸሃይ ድምፃቸውን ሳያነሡ «አይደለም» ይላሉ። በኋላ ቅንድባቸውን ነክተው፣ «እዚህ ጋ ጠባሳ ነበራት» አሉ። ያንንም አጥፍቶታል፤ ማጥፋቱን እንኳ አያስታውስም።

በመጨረሻ የሠራውን ትክ ብለው አዩት።

«እህቷን ትመስላለች» አሉ። «ይሁን። ከዚያኛው ይሻላል።»

ከዚያ ወዲህ እምሩ ደንበኞቹን «ቀላ ላድርግሽ ወይስ ይቅር?» እያለ መጠየቅ ጀምሯል። አብዛኞቹ እንደ ሞኝ ያዩታል። «ታዲያ ለምን መጣሁ?» አለችው አንዷ። ከንፈሩን ነክሶ አቀላት፤ ስትወጣም ከኋላዋ በንቀት አያት፤ ንቀቱ ግን እንደ ድሮው አልጣፈጠውም።