የጋሼ ወልደ ኢየሱስ ጆሮ

ቻላቸው አዋሽ ሰባት ከተማ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው። በር አንኳኩቶ፣ ከውሻ ተከላክሎ፣ ቁጥር ጽፎ የሚሄድ ሰው። ቀይዋ አሮጌ ሞተሩ በዕድሜ ትልቋን ልጁን ትበልጣለች። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ከጋሼ ወልደ ኢየሱስ በቀር የነካት መካኒክ የለም።

ጋሼ ወልደ ኢየሱስ በድሮው የባቡር ጋራዥ ሙያ የተማሩ ሽማግሌ ናቸው። ሞተር ሲመጣላቸው ባለቤቱን «አንተ ዝም በል፣ እሷ ትናገር» ይሉና የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አስደግፈው ያዳምጣሉ። ከዚያ በሽታውን ይናገራሉ። ከገበያ የጠፋ ዕቃ ቢሆን እንኳ በጨረታ በገዟት ትንሽ የብረት መቅረጫ ቶርኖ ራሳቸው ቀርጸው ይገጥሙታል።

ዓምና ግን ጆሯቸው ከዳቸው። ደንበኞቻቸው አንድ በአንድ ወደ አዳዲሶቹ ጋራዦች ሄዱና ቻላቸው ብቻ ቀረ። ከዚያ የእሱም ሞተር መንተባተብ ጀመረች። ጋሼ ሁለት ጊዜ ፈትተው ገጠሟት፤ ሁለቱንም ጊዜ በሦስተኛው ቀን መንገድ ላይ ቀጥ አለች። ቻላቸው «ሽማግሌው አልሰሟትም» ብሎ ደመደመና ሰመራ ላለ ባለሙያ ሊያሳያት ቆረጠ። ይህን ፊት ለፊት የሚናገርበት ድፍረት ግን ከየት ይምጣ! ደግ ሰው ሲፈራ የሚያደርገውን አደረገ፤ ዋሸ።

«ጋሼ፣ ለሥልጠና ሰመራ ልሄድ ነው!» አላቸው። ስላልሰሙ ደገመው። ውሸትን ሁለት ጊዜ ጮክ ብሎ መናገር እንዴት እንደሚያሳፍር ያን ቀን አወቀው።

በማግስቱ ጠዋት ሞተሯን አይሱዙ ላይ አስጫናት። መኪናው በጋሼ ደጅ እንደሚያልፍ ግን አላሰበም። ጋሼ በራቸው ላይ ቆመዋል። መጀመሪያ ጋቢና ውስጥ ያለውን ቻላቸውን፣ ቀጥሎ ጭነቱን አዩ። እጃቸውን አነሱና «በሰላም ግባ» አሉት።

ሰመራ ያለው የሞተር መሸጫ ወለሉ ያብለጨልጫል። ፍሬምናጦስ የሚባለው ባለሙያ ሞተሯን ዞር ዞር ብሎ አያት።

«ይቺ ሞዴል መመረት ካቆመች ቆይታለች፤ ዕቃዋን አናስመጣም። አዲስ ቢገዙ ይሻልዎታል» አለው በትሕትና።

ቻላቸው ለመነው። ባለሙያው እሺ ብሎ ካርቡሬተሯን ፈታና የወጣውን በብርጭቆ ተቀበለ።

«ቤንዚን ከየት ነው የሚቀዱት?»

«ማደያው ሰልፍ ነው፤ እኔ እንኳ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ነው የምገዛው።»

«ታዲያ ውሃ ቀላቅለው ነው የሸጡልዎት። የሚያስቆማት ይሄ ነው።»

ሞተሯን ከከፈተ በኋላ ደግሞ ባልደረቦቹን ጠራ። መሐሏ በእጅ የተቀረጸ የነሐስ ቡሽ፣ ዘንጉን የሚይዝ ቀለበት፣ አለ።

«ይሄን የሠራው ማን ነው? የፋብሪካው እንኳ እንዲህ አይገጥምም። አሁን ግን እየተበላ ነው። እኛ ጋ የለም፤ የሠራው ሰው ጋ ይመለሱ» ብሎ ካርቡሬተሯን አጽድቶ ገጠመለት።

ቻላቸው አፈረ። አሥራ ስምንት ዓመት ሞተሯን ያዳመጡለትን ሽማግሌ በራሱ ጥፋት ከስሷቸው ነበር። በሦስተኛው ቀን አዋሽ እንደገባ ቤቱ እንኳ ሳይደርስ ጋራዡ ሄደ። ጋሼ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ከኋላቸው መፍቻዎቹ የሚሰቀሉበት ግድግዳ ባዶ ነው።

«ጋሼ፣ ቤንዚኑ ነው! ጥፋቱ የእኔ ነው!» ብሎ ጮኸ። ጋሼ አልሰሙትም። ቢቸግረው ሞተሯን አስነሳት።

ጋሼ ተነሡ። በልማድ ኪሳቸውን ዳበሱ፤ ካቻቢቴው የለም። መዳፋቸውን ሞተሯ ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ድናለች» አሉ ቆይተው። «ቡሿ ግን እያለቀ ነው። ሌላ መቅረጽ ነበረብኝ።»

ቶርኖዋ ወደ ነበረችበት ጥግ ዞሩ። ሲሚንቶው ላይ የዘይት እድፍ ብቻ ቀርቷል።

«ቶርኖዋን ሸጥኳት፤ ትናንት ጫኗት። አንተም ከሄድክ ለማን ብዬ ላስቀምጣት?»

ወቀሳ የለበትም፤ እንዲያው ነው የተናገሩት። ቻላቸው ሞተሯን አጠፋት። ጋሼ መዳፋቸውን ሳያነሱ ትንሽ ቆዩ።