የዋራ ታፔላ

ሁላችንም ዶኛ፣ ወይዘሮ እንደ ማለት፣ የምንላት ሲሞና ቾኬ በዚህ ክረምት አረፈች። ለቅሶው ላይ፣ ልጇ ዋራ ንባብ የጀመረችው የእናቷን ጩኸት እየደገመች ነው ሲባል ሰማሁ። ትክክል አይደለም። ጎረቤቷም ዋራ የገባችበት ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊም ስለነበርኩ የሆነውን እጽፋለሁ።

ሲሞና ኤል አልቶ ከተማ ውስጥ፣ ላ ሴሃ አደባባይ ላይ የሰፈር ስም እየጮኸች ለሚኒባሶች ተሳፋሪ ትጠራ ነበር። ዋራ ያኔ ገና ትንሽ ነበረች። ኦቲዝም አለባት። እናቷ አጠገብ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጣ እየተወዛወዘች፣ ሚኒባስ በቆመ ቁጥር የሚሄድበትን ሰፈር ስም ትናገራለች። ሌላ ቃል አይወጣትም፤ ውሃ ሲጠማት እንኳ።

ሲሞና አንደኛ ክፍል ልታስገባት ወደ ትምህርት ቤታችን አመጣቻት፤ ታነባለች አለች። መምህርት ኔልቫ አላመነችም። የፊደል ካርዶች ስትዘረጋላት ዋራ በመስመር ደርድራቸው ዝም አለች። መምህርቷ የሲሞናን አፍ ስትከታተል ቆይታ፣ እናትየው ፊቷን ወደ ግድግዳ እንድታዞር ጠየቀቻት። ዋራ ያኔም ዝም። ልጅቷ የእናቷን ድምፅ ነው የምትደግመው፣ ለጊዜው ቤት ትቆይ ተባለ።

ሲሞና፣ መምህርቷ ገና ሳታያት ወስናባታለች ብላ ጠረጠረች። ቤት ስትገባ ግን አፏን በሻሏ ሸፍና፣ ጽሑፉን ታነብ እንደሆነ ለማየት የወተት ጣሳ ለዋራ አሳየቻት። ዋራ ጣሳውን ተቀብላ ማንከባለል ጀመረች።

"ምናልባት የማነበው እኔው ነኝ" አለችኝ ሲሞና።

በሳምንቱ ኔልቫ ሳትናገር ላ ሴሃ መጣች። ከአፒ ሻጯ ጀርባ ቆማ፣ ትኩሱን የበቆሎ መጠጥ እንደያዘች ሳትጠጣ ታያለች። ሲሞና አየቻት። ልትሰልለኝ ነው ብላ በንዴት ድምፅዋን ከፍ አደረገች። መስታወቱ የተሰነጠቀው ሰማያዊ ሚኒባስ ሲቆም፣ ሁልጊዜ ወደ ሚራፍሎሬስ ሰፈር ስለሚሄድ ፊት ለፊቱ ያለውን የመድረሻ ታፔላ ሳታይ "ሚራፍሎሬስ! ሚራፍሎሬስ!" አለች።

"ሳን ፔድሮ" አለች ዋራ።

ሲሞና ደነገጠች። "ዝም በይ እናቴ። ሚራፍሎሬስ ነው።"

"ሳን ፔድሮ።"

ሚኒባሱ ውስጥ ገብቶ የነበረ አንድ አዛውንት ወርዶ ታፔላውን አየ፤ ሳን ፔድሮ ይላል። "ዶኛ ሲሞና፣ ሥራውን ለልጅሽ ልቀቂላት። አንቺ እንደሁ ሰው መንገድ ታስቺያለሽ።"

ኔልቫ መጥታ ታፔላውን አነበበች፤ ከዚያ ወደ ሲሞና ዞረች።

"የእርስዎ የገደል ማሚቶ መስላኝ ነበር።"

"ለእኔም ፕሮፌ" አለች ሲሞና መምህርቷን። "ለእኔም እንደዚያው።"

ግን ሲሞናን ጥርጣሬዋ አልለቀቃትም። ሾፌሩን በመስኮት ይዛ፣ ወደ ኔልቫ እየጠቆመች፣ "ታፔላ ቀይር ያለህ ማነው? እሷ ናት?" አለችው። ሾፌሩ ተቃውሞ የወጡ ሰልፈኞች የሚራፍሎሬስን መንገድ ድንጋይ ደርድረው ስለዘጉ እንደሆነ ነገራትና ሳቀባት።

ሰኞ ዋራን አንደኛ ክፍል መዘገብኳት። ከዚያ በኋላ ትምህርት በሌለ ቀን፣ ሚኒባስ ሲቆም ሲሞና የምታየው ታፔላውን ሳይሆን ልጇን ነበር። ዋራ የሰፈሩን ስም እስክትናገር ትጠብቃለች፤ የምትጮኸው ከዚያ በኋላ ነው። እስክትሞት እንዲሁ ነበረች።