ጉተማና የደሴቱ ገመድ

ጉተማ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ጎርፍ ሊወስደው ነበር።

ያን ጊዜ የሌላ ሰው ጋሪ ይነዳ ነበር። ፈረሱ ዳማ ይባላል። አንድ የነሐሴ ከሰዓት በኋላ እሱና ጓደኛው ኪዳነወልድ ወፍጮ ቤት እህል አድርሰው ባዶ ጋሪ ይዘው ሲመለሱ፣ ኮረብታው ላይ የጣለው ዝናብ በቦዩ ድንገት ደረሰ። አዳማ ያደገ ሰው ይህን ጎርፍ ያውቀዋል፤ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል፣ ፀሐይ እያለ ነው የሚመጣው። ጋሪው ተገለበጠ፤ እንጨቱ ተሰብሮ ፈረሱ ተላቀቀ። ጉተማ የልጓሙን ገመድ፣ ባለጋሪዎች ዛብ የሚሉትን፣ በግራ እጁ አንጓ ላይ ጠምጥሞት ነበር። በመጀመሪያ ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ ራሱ ሳበው። የፈረሱ አንገት ተቆልምሞ ሁለቱም በአንድ ቦታ ይሽከረከሩ ጀመር። ከዚያ የልጁ ጉልበት አለቀና ክንዱ ዛለ። ዳማ አንገቱን ዘርግቶ፣ አፍንጫውን ከውሃው በላይ አድርጎ፣ ልጁን እየጎተተ ዳር አወጣው።

ኪዳነወልድ የሚይዘው ነገር አልነበረውም። ከቀናት በኋላ ከከተማው በታች ማሳ ውስጥ ተገኘ።

ገመዱ የበላው ቆዳ ሽሮ ምልክቱ እንደ አምባር በጉተማ እጅ ላይ ቀረ። እሱም ከዚያ ቀን አንድ ነገር ብቻ ይዞ ወጣ፤ የያዘ ይተርፋል፣ ያልያዘ ይወሰዳል። በዚህ ኖረ። የራሱን ጋሪ ገዛ፤ ከመናኸሪያ እስከ ፍራንኮ የማያውቀው በር አልነበረም። ሸዋወርቅን አገባ። አንድ ልጃቸው ቦንቱ እግር ስታወጣ ጋሪው ላይ አስቀምጦ፣ ወገቧን በእናቷ ነጠላ ከመቀመጫው ጋር አስሮ ይዟት ይዞር ነበር። ሰው ሲስቅበት፣ «ሳቁ፤ የእኔ ልጅ አትወድቅም» ይላል። ሶደሬ ለመዋኘት የትምህርት ቤት ጓደኞቿ ሲሄዱ እሷ ቀርታለች። ክረምት ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ ተነስቶ በሩን፣ መስኮቱን፣ የፈረሱን ገመድ ይፈትሽ ነበር። ባጃጅ መጥቶ ጋሪ ከዋናው መንገድ ሲወጣ ፈረሱንም ጋሪውንም ሸጠ፤ ዛቡን ግን አልሸጠም፤ ከአልጋው ራስጌ ሰቀለው።

ቦንቱ አድጋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት ገባች። አንድ ቅዳሜ የሥራ ጓደኞቿ፣ «ላንጋኖ ላይ ደሴት ውስጥ ያለ ሎጅ አለ፤ ድንኳን ነው፣ ዋጋው ለእኛም ይሆናል» ብለው ይዘዋት ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ደመወዝ በወጣ ቁጥር ሄደች። ወላጆቿ ለመዝናናት መስሏቸው ነበር። ባለፈው ሚያዝያ ግን እራት ላይ አወጣችው።

«አባዬ፣ ውሃ ውስጥ መጥለቅ ተምሬያለሁ። ፈተናውን ካለፍኩ ሎጁ እንግዳ ይዤ የምጠልቅ አስጎብኚ አድርጎ ይቀጥረኛል።»

ጉተማ ጉርሻውን ወደ ትሪው መለሰ። «ምን ውስጥ?» አለ።

«ውሃ ውስጥ።»

«ከላዩ ነው ከሥሩ?»

«ከሥሩ ነዋ አባዬ! ከላዩማ ዳክዬም ይሄድ የለ?»

ሸዋወርቅ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ያን ሰሞን ከሥራ እስክትመለስ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። በመጨረሻ ቦንቱ እናቷን አማክራ፣ «ሁለታችሁም ሁለት ሌሊት እዚያ እደሩ፤ ፈተናው እሑድ ጠዋት ነው። አይታችሁ ፍረዱ» አለች። ጉተማም፣ «እሄዳለሁ። ግን ገመድ ታስሮባት ነው የምትገባው፤ ገመዱን የምይዘውም እኔ ነኝ። አለዚያ አይሆንም» አለ። ገመድ መኖሩን አያውቅም ነበር፤ ሎጁ ግን ጠላቂ ሁሉ በገመድ ታስሮ እንዲገባ የሚያዝ ደንብ ነበረው።

ዓርብ ዕለት በሞጆ፣ በመቂና በባቱ አድርገው ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ውሃው ማኪያቶ መስሎ ተኝቷል። ጉተማ ጀልባው ላይ በጋቢው ላይ ላይፍ ጃኬት አጠለቀ።

«ልትሞሸር ነው እንዴ?» አለች ሸዋወርቅ።

«አንቺ ዝም በይ፤ የራስሽን ቁልፊ!»

የሎጁ ባለቤት ሚኪያስ ደሴቱ ላይ እየጠበቀ ነበር። ጅቡቲ ወደብ መርከብ ሥር እየጠለቀ ሲሠራ የኖረ፣ ፀሐይ ያጠቆረው ጎልማሳ ነው። «አካም ጅርቱ ጋሼ ጉተማ! እትዬ ሸዋወርቅ፣ እንኳን ደህና መጡ!» ብሎ እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ። ደሴቷ ትንሽ ናት። ግራር ሥር የተተከሉ ድንኳኖች፣ ሁለት የሣር ጎጆዎች፣ የውሃ ታንከር፣ የጋራ መታጠቢያ ቤት፣ ዓሣ የሚጠበስበት ምድጃ፣ ሌላ ነገር የላትም። ከአዳማና ከሐዋሳ የመጡ ወጣቶች እርጥብ ልብሳቸውን ገመድ ላይ አስጥተው ይሳሳቃሉ። ለጉተማና ለባለቤቱ አንደኛው ጎጆ ተሰጣቸው።

«እዚህ ለምን ይጠለቃል?» አለ ጉተማ፣ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ ቀርቦለት ሳይነካው። «ምንም አይታይም።»

«ለዚያ ነው ጋሼ። እዚህ የተማረ የትም ይጠልቃል። ቢልሃርዚያ የለበትም፣ ከድንጋዩ አጠገብ ወዲያው ጥልቅ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ነፋስ የለም።»

«አዞስ?»

«በዚህ በኩል አይተን አናውቅም።»

«እናንተ ስላላያችሁት ነው። እሱ አይቷችሁ ይሆናል።»

ወጣቶቹ ሳቁ። ጉተማ እየቀለደ አልነበረም። ከምሳ በኋላ ነፋሱ ተነሥቶ ማዕበሉ ዳሩን መታ። በማግሥቱ ቅዳሜን ሙሉ ከጎጆው በር ላይ ዋለ። ከበሩ የሚነሣው የጀልባው ማሰሪያ መጥበቁን ሄዶ ለመንካት ብቻ ነበር። ቦንቱ ከውሃው ስትወጣና ስትገባ ባያት ቁጥር ግራ እጁን በቀኙ ይይዛል። ሚኪያስ መጥቶ የገመዱን ቋንቋ አስተማረው። አንድ ጊዜ ከተሳበ ደህና ነኝ፤ ሁለት ጊዜ ከተሳበ ገመድ ልቀቁልኝ፤ ሳያቋርጥ ከተሳበ አውጡኝ።

«አንድ ነገር ደግሞ ጋሼ። ገመዱን እጅዎ ላይ እንዳይጠመጥሙት። በጣትዎ ብቻ።»

«ሰምቻለሁ» አለ ጉተማ።

እሑድ ጠዋት ከደሴቱ ጀርባ ከድንጋዩ አጠገብ ጀልባውን አቆሙ። ሚኪያስ ከወጥ ቤት ያመጣውን አሮጌ የብረት ማንቆርቆሪያ ከፍ አድርጎ አሳየና ውሃው ውስጥ ወረወረው። እፍ እንደተባለ ሻማ ወዲያው ጠፋ። ቦንቱ ታች ወርዳ ዳብሳ ማግኘት አለባት።

«ማንቆርቆሪያ ፍለጋ ነው ልጄን የምትሰዳት?» አለች ሸዋወርቅ። «ገበያ ሞልቶ!»

ቦንቱ በአየር ሲሊንደሩ ክብደት ጎንበስ እንዳለች አባቷን አየችው። «አባዬ፣ ሁለቴ ከሳብኩ?»

«እለቃለሁ።»

«ጎበዝ» ብላ መነጽሯን አጠለቀች፤ ወደ ኋላዋ ተገልብጣ ገባች።

ጉተማ ሰው እንዳያየው ዞር ብሎ የገመዱን ጫፍ በግራ እጁ አንጓ ላይ፣ በዚያው በአሮጌው ጠባሳ ላይ ጠመጠመው። አረፋ ተንቦቀቦቀ። ገመዱ ወረደ፣ ወረደ፣ ቆመ። ከዚያ ሁለት ጊዜ ተሳበ።

ሁለት ጊዜ መሳቡን አእምሮው አውቋል። እጁ ግን ዕድሜውን ሙሉ ባለጋሪ ነው። ፈረስ ሲጎትት ዛብ ይሳባል፤ ያልሳበ ባለጋሪ ጋሪውን ገደል ይከታል። እጁ ሳበ። እንደገና ተሳበበት፤ እሱም በሁለት እጁ፣ በወገቡ፣ በእግሩ ጀልባውን ተደግፎ ሳበ።

ቦንቱ መነጽሯ ወደ ግንባሯ ተንሸራቶ፣ እየሳለች፣ ጉልበቷ በድንጋይ ተልጦ ብቅ አለች። «ምን ነካህ አባዬ? ልቀቅ አይደል ያልኩህ? ደርሼበት ነበርኮ!»

«ፈራሁ» አለ ጉተማ።

«ልጅህ ዳማ አይደለችም!» ብላ ሸዋወርቅ ጮኸችበት።

ሚኪያስ የሲሊንደሩን ልኬት አየ፤ ሰማዩንም አየ። በስተምሥራቅ ውሃው ላይ ጥቁር ሽብሽብ እየመጣ ነው። «ነፋሱ ዛሬ ቀድሟል። አንድ ጊዜ ብቻ ይበቃል አየሩ። ዛሬ ካልሆነ ሐዋሳ የማናግረው ሌላ ልጅ አለ፤ ለእንግዶች ቀን ሰጥቻለሁ፣ መጠበቅ አልችልም ቦንቱ። ገመዱን እኔ ልያዝ።»

ጉተማ ገመዱን ሊሰጠው ነበር። ቦንቱ ግን ጀልባውን እንደያዘች፣ «አይሆንም፤ አባዬ ይያዝ» አለች።

«ለምን?» አለ ራሱ ጉተማ።

«አንተ ከያዝክ ነው የምቀጠረው። ሌላ ሰው ይዞልኝ ባልፍ ሁልጊዜ ቤት ተቀምጠህ ትስበኛለህ። ደክሞኛል አባዬ።»

መነጽሯን መልሳ አጥልቃ፣ መልስ ሳትጠብቅ ወረደች። ሚኪያስ የራሱን መነጽር አጥልቆ፣ እግሩን ከጀልባው አውጥቶ ለመዝለል ተዘጋጀ። ነፋሱ ደረሰ፤ አረፋዋ ከሽብሽቡ ጋር ተቀላቅሎ ጠፋ። አሁን ለጉተማ ከልጁ የቀረለት ጣቱ ላይ ያለው ገመድ ብቻ ነው።

ሁለት ጊዜ ተሳበ። ጉተማ ዓይኑን ጨፍኖ ለቀቀ። እንደገና ሁለት ጊዜ፤ ለቀቀ። ከዚያ ገመዱ ዝም አለ። ላቡ በጆሮው ሥር ወረደ። ደህና ነሽ ወይ ለማለት አንድ ጊዜ ሳብ አደረገ። መልስ የለም። ሸዋወርቅ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ትጸልያለች። ሚኪያስ፣ «ይጠብቁ ጋሼ። ድንጋዩን እየዞረች ይሆናል፤ ገመዱ ተደግፎ እንደሆነ አይሰማትም» አለ፤ እሱም ግን የመነጽሩን ማሰሪያ አጠበቀ። ኪዳነወልድ በጉተማ ፊት ውልብ አለበት፤ ባዶ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ። ክንዱ በራሱ ሊስብ ተወጠረ። ጥርሱን ነክሶ ያዘው። አንድ ጊዜ ደግሞ ሳብ አደረገ።

አንድ ጊዜ ተሳበ። ደህና ነኝ።

«አለች!» አለ፤ ድምፁ የራሱ አልመስል አለው።

ወዲያው ደግሞ ሁለት ጊዜ ተሳበ። ጉተማ ሊለቅ ፈለገ፤ የሚለቀው ግን አልነበረም። ገመዱ ከጀልባው አልቆ፣ የቀረው ከጠዋት ጀምሮ ሳይፈታው እጁ አንጓ ላይ የተጠመጠመው ብቻ ነበር። ሚኪያስ አየና ፊቱ ተለወጠ። ጉተማ ጠባሳውን አየ። እንደገና ሁለት ጊዜ ተሳበ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደ ልመና። በቀኝ እጁ ጥምጥሙን አንድ በአንድ ፈታው። ገመዱ ወደ ውሃው ሄደ። ጫፉን ብቻ በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ክንዱን ከጀልባው አውጥቶ፣ ጋቢው ውሃ እየነካ ጎንበስ አለ።

መጀመሪያ ብቅ ያለው ማንቆርቆሪያው ነው። ቀጥሎ የቦንቱ እጅ፣ ቀጥሎ ፊቷ። «ድንጋዩ ሥር ገብቶ ነበር!» አለች እያለከለከች። «ትንሽ፣ ትንሽ ነበር የቀረኝ!»

ሚኪያስ፣ «ከሰኞ ጀምረሽ የእኛ ነሽ» አላት። ሸዋወርቅ ማንቆርቆሪያውን ተቀብላ ጭቃውን ካፈሰሰች በኋላ ባሏን ገላመጠችው። «አንተ ሰውዬ፣ እጅህን አሳየኝ።» አሳያት። ምንም አልነበረበትም፤ አሮጌው ጠባሳ ብቻ።

ጉተማ አሁንም ደሴቷን አልለመደም። ቦንቱ በምትጠልቅበት ቀን አዳማ ሆኖ ስልኩን ከእጁ አያወርድም፤ ግን እስክትደውል ይጠብቃል እንጂ አይደውልም። ዛቡም ከራስጌው አልወረደም። በዕድሜህ የሠራኸው ትልቁ ነገር ምንድን ነው ብለው የሰፈሩ ሰዎች ሲጠይቁት እንዲህ ይላል፦

«ከጎርፉ የወጣሁት ስለያዝኩ ነው ስል ኖሬያለሁ። ግማሹን ነው የማስታውሰው ለካ። ስስበው ዳማም አብሮኝ እየሰመጠ ነበር። ክንዴ ዝሎ ዛቡ ሲላላለት ነው አንገቱን ዘርግቶ የዋኘው። ያን ቀን ያላላሁት ጉልበት አጥቼ ነው። ለልጄ ግን ጉልበት እያለኝ ነው የለቀቅሁላት። ከሠራሁት ሁሉ ትልቁ እሱ ነው።»