ለክላክስ መልስ የሰጠችው ሳክስፎን

ይህ የሆነው ባለፈው ጥር፣ በሰርግ ወራት፣ ሱሉልታ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሰምቻለሁ፤ አብዛኛውንም ረስቼዋለሁ። ይህን ያልረሳሁት አንድ ሐሰት በተናጋሪው ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሲፈርስ ያየሁበት ብቸኛው ቀን ስለሆነ ነው። በእኔ ዕድሜ ሐሰት ሲያረጅና ሲከበር እንጂ ሲፈርስ ማየት ብርቅ ነው።

ሙያዬ ሙዚቃን ማጥናት ነው። የዶክትሬት ጥናቴን የሠራሁት በአገራችን ቅኝቶች ላይ ሲሆን፣ ለረጅም ዓመታትም አስተምሬያለሁ። ማስተማሩን የተውኩበትን ምክንያት እዚህ አልተርክም። ወንዶች ባልደረቦቼ «ዶክተር» ብለው ሲጠሩኝ ከንፈራቸው ላይ የምትቀረውን ፈገግታ ያየ ሰው ይገባዋል። አሁን ቡራዩ ውስጥ፣ ከአምቦ መንገድ ዳር ተከራይቼ እኖራለሁ። ገልባጭ መኪኖች ቀኑን ሙሉ በደጄ ያልፋሉ፤ ክላክስ ሳይነፋ የሚያልፍ የለም።

አንድ ቀን የቀድሞ ተማሪዬ ብሩክ አንድ ቀረጻ በስልክ ላከልኝ። ብሩክ ከቤቴ ብዙም ሳይርቅ፣ በአንድ ሰርቪስ ክፍል ውስጥ፣ ግድግዳውን በአሮጌ ፍራሽ ሸፍኖ ስቱዲዮ ከፍቷል። በቀረጻው ላይ ሳክስፎን የምትጫወተው ሰሚራ የምትባል የሰበታ ልጅ ነበረች፤ ሃያዎቹን ገና መጀመሯ ነው። አባቷ ሐጂ ከድር ሰበታ ገበያ ውስጥ ቅመማ ቅመም ይነግዳሉ።

እንደ ልማዴ ያዳመጥኩት ጉድለት ለማግኘት ነው። አላገኘሁም። የመረጠችው ቅኝት አንቺሆዬ ነበር። አንቺሆዬ ለሳክስፎን ምሕረት የሌለው ቅኝት ነው፤ አንዲት ድምፅ በጥቂቱ ከፍ ወይም ዝቅ ካለች ዜማው ሁሉ ይወላገዳል። እሷ ግን በዚያ ፍጥነት ስትወርድና ስትወጣ አንዱ ድምፅ ከሌላው ጋር አይላከክም ነበር፤ እያንዳንዱ እንደ ተፈተለ ክር ለብቻው ጠርቶ ይሰማል።

መሃል ላይ ፍራሹ ያላገደው የገልባጭ መኪና ክላክስ ቀረጻው ውስጥ ገባ። ሌላ ተጫዋች ቢሆን አቁሞ እንደገና ይጀምራል። ሰሚራ የክላክሱን ድምፅ በዚያው ቅጽበት ተቀበለችው፤ በሳክስፎኗ ደገመችው፤ ከዚያም መነሻ አድርጋው አዲስ ዜማ አበጀችበት። ትንፋሽ የማይሰማበት፣ የማይቋረጥ፣ ረጅም ዜማ።

ማመስገን አልወድም። ለብሩክ የጻፍኩለት «አትንካው፤ ክላክሱንም እንዳታወጣው» ብቻ ነው።

በዚያው ሰሞን አንድ የሙዚቃ ወዳጆች ማኅበር የመጀመሪያ አልበሙን የሚያሳትምለት አንድ ወጣት የጃዝ ተጫዋች ይመርጥ ነበር። እኔም ከዳኞቹ አንዷ ነበርኩ። ሰብሳቢያችን በወጣትነታቸው በትልልቅ ባንዶች ውስጥ የተጫወቱ፣ ሁሉም «ጋሽ ተካ» የሚላቸው ሰው ናቸው። ያንኑ ቀረጻ ሰሚራ ለውድድሩ አስገብታው ነበር። ተሰምቶ ሲያበቃ መጀመሪያ የተናገሩት ጋሽ ተካ ናቸው።

«ይሄ የኮምፒውተር ሥራ ነው» አሉ። «ተቆርጦ የተለጠፈ። ሰው ሳይተነፍስ እንዲህ አይነፋም። ክላክሱም ለማስመሰል የገባ ነው። ደግሞስ የቅመም ነጋዴ ልጅ ይህን ከየት ታመጣዋለች?»

በአፍንጫ አየር እየሳቡ በጉንጭ የያዙትን የመግፋት ዘዴ እንዳለ አስረዳሁ።

«እሱን ለእኔ ነው የሚነግሩኝ? ዘዴውንም አውቀዋለሁ፤ እሱን ሲለምዱ ፀጉራቸው የሸበተ ሰዎችንም አውቃለሁ።»

የቀሩት ዳኞች ጠረጴዛውን ማየት ጀመሩ። በአገራችን ጠረጴዛ ማየት ማለት መስማማት ማለት ነው።

ወሬው ሳይውል ሳያድር ሰበታ ደረሰ። ልጅቷ የሌላ ሰው አጨዋወት ሰርቃ በስሟ አቀረበች ተባለ። ሐጂ ከድር ስልክ ቁጥሬን ከብሩክ ተቀብለው ደወሉልኝ።

«ዶክተር፣ እኔ ጃዝ የሚባለውን ነገር አላውቀውም» አሉኝ። «እውነቱን ለመናገር ልጄ እንድትይዘውም አልፈለግኩም ነበር። አሁን ግን በሱቄ በር የሚያልፍ ሰው በጣቱ ይጠቁመኛል። ይህን ሁሉ ዘመን ስነግድ ሚዛኔን ጎደለ ያለ የለም። ልጄን እንዴት ጎደለች ይሏታል?»

«በአካል ትጫወት» አልኳቸው። «በሰው ሁሉ ፊት።»

ጥያቄውን ለማኅበሩ በጽሑፍ አቀረብኩ፤ እምቢ የሚሉበት ምክንያት ስላልነበራቸው ተስማሙ። ሰሚራ እንደ ቀረጻው ከተጫወተች አልበሙ የእሷ ይሆናል፤ ካልተጫወተች የሌብነቱ ስም እንደ ተለጠፈባት ይቀራል። ቦታው ሱሉልታ ካሉት መናፈሻዎች በአንዱ፣ ከመንገድ ዳር ባለ መስክ ላይ ሆነ። ቀኑ እሑድ፣ ሰዓቱም ከምሳ በኋላ። ይህን ሲወስኑ እኔ አልነበርኩም። በጥር ወር፣ በእሑድ ቀን፣ ሱሉልታ ላይ ጸጥታ የሚጠብቅ ሰው ወይ ለአገሩ እንግዳ ነው ወይ ኮሚቴ ነው። በዚያ ወር ሙሽራ ሁሉ ፎቶ ሊነሣ ወደዚያ እንደሚወጣ ሕፃን ያውቃል።

ስደርስ ሰሚራ ከመድረኩ ጀርባ ተቀምጣ፣ በሳክስፎኑ አፍ ላይ የምትታሰረውን ስስ ሸምበቆ በከንፈሯ ታረጥብ ነበር።

«ፈርተሻል?»

«ኧረ አልፈራሁም፣ ዶክ። ተናድጄ ነው።»

«ንዴትሽን እዚሁ ተዪው። ንዴት ቅኝት ያበላሻል።»

«ብሩክ ግን እርስዎ ሁልጊዜ ተናደው ነበር የሚያስተምሩን ብሎኛል» አለችና ሳቀች።

ወደ ወንበሬ ሄድኩ። ሐጂ ከድር ነጭ ቆባቸውን አድርገው መጨረሻው ረድፍ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

በአንቺሆዬ፣ በዝግታ ጀመረች። ቤዝና ድራም የሚጫወቱት ሁለት ልጆች በጥንቃቄ ይከተሏታል። የመጀመሪያው ዜማ እንደ ቀረጻው ንጹሕ ነበር። ጋሽ ተካ እጃቸውን አጣምረው ዓይኖቿን ሳይሆን ጉንጮቿን ይመለከታሉ።

ያን ጊዜ የሙሽራ አጀብ መጣ።

በመጀመሪያ ከሩቅ፣ ከዚያም አጥሩ ሥር፣ የመኪኖቹ ክላክስ በአንድነት ተለቀቀ። ይባስ ብሎ አጀቡ አላለፈም፤ ሙሽሮቹ የመጡት እዚያው መናፈሻ ውስጥ ፎቶ ሊነሡ ነበርና በሩን ጥሶ ገባ። የክላክሶቹ ድምፅ ከቅኝቷ ውጭ ስለነበር ዜማውን እንደ ስንጥር ወጋው። ቤዝ ተጫዋቹ አቆመ። ጋሽ ተካም እጃቸውን አነሡ።

«ታቁም፤ ይለፉና ትቀጥላለች።»

«አያስቁሟት» አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኸ።

ሰሚራ ማንንም አልሰማችም። የያዘችውን ድምፅ ሳትለቅ ቀስ እያለች ወደ ላይ ጎተተችው፤ ከፊተኛው መኪና ክላክስ ጋር ገጠመችው፤ እዚያም ላይ ቆመች። ከዚያ ያንኑ ድምፅ ማረፊያዋ አድርጋ ቅኝቱን በሙሉ ወደዚያ አሻገረችው። ስንጥር የነበረው ምሰሶ ሆነ። ድራም ተጫዋቹ ገባው፤ ምቱን ወደ ሰርግ ምት ለወጠ።

የፊተኛውን መኪና የሚነዱት ኦቦ ገመቹ የሚባሉ፣ ሽበታም፣ ባለ ባርኔጣ ሰው ነበሩ። ክላክሳቸው ከመድረክ ተመልሶ ሲመጣባቸው በመስኮት አንገታቸውን አወጡ። አጭር አድርገው ነፉ። ሰሚራ አሳጥራ መለሰች። ሁለቴ ነፉ። ሁለቴ መልሳ ሦስተኛውን ከራሷ መረቀችላቸው። ሌሎቹም ሾፌሮች ተራ በተራ ገቡ። በሰርግ ዘፈን አንዱ ሲያወጣ ሌላው ይቀበላል፤ እዚያ መስክ ላይ ግን አውራጁ መኪና ሲሆን ተቀባይዋ አንዲት ልጅ ነበረች። ጥቂት ቆይቶ ነገሩ ተገለበጠ፤ እሷ ታወጣለች፣ መኪኖቹ ይቀበላሉ። ሙሽራዋ ቬሎዋን ሰብስባ ወረደች። እናቶች እልልታውን አቀለጡት።

«ጀባዹ፣ ኢንተላ ኮ! በርቺ ልጄ!» አሉ ኦቦ ገመቹ፤ እጃቸውንም ክላክሱ ላይ ጭነው አላነሡም።

ሰሚራም ያንኑ ድምፅ ይዛ አልለቀቀችም። ክላክስ ትንፋሽ አያልቅበትም። ጉንጮቿ ሞልተው በአፍንጫዋ አየር ስትስብ ከፊት የተቀመጥን ሁሉ በዓይናችን አየን፤ ድምፁ ግን አልሳሳም፣ አልተንቀጠቀጠም። ይልቁንም ድምፁን ሳትጥል፣ ከሥሩና ከላዩ ፈጣን ሐረጎችን እየፈተለች ትመለስበት ጀመር። ሕዝቡ ተነሥቶ ቆመ። በመጨረሻ እጃቸውን ያነሡት ሾፌሩ ናቸው።

«ኧረ ባትሪዬን ጨረሰችው!» እያሉ ከመኪናቸው ወርደው ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

እሷ ግን ከዚያም በኋላ ነፋች። ብቻዋን ከጫፍ እስከ ሥር ወረደች፤ አንቺሆዬን ከተወችበት አነሣችው፤ በጀመረችበት ድምፅ ላይም ዘጋችው።

ጋሽ ተካ ጭብጨባው እስኪበርድ ጠብቀው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ቀረጻው የራሷ ነው» አሉኝ።

ወዲያው ከኋላችን የሐጂ ከድር ድምፅ መጣ። ከመጨረሻው ረድፍ ተነሥተው መጥተው ጀርባችን ቆመው ነበር።

«ሰብሳቢ፣ ልጄን ሲያሟት ሰበታ ድረስ ተሰምቶናል። ይህንንም እንደዚያው ያሰሙን።»

ጋሽ ተካ ወደ እኔ አዩ፤ እንድታደጋቸው ይመስለኛል። ጠረጴዛ ስላልነበረ መድረኩን ተመለከትኩ። ተነሥተው ሄዱ፤ ማይኩንም ያዙ። «ስለዚህች ልጅ የተናገርኩት ስሕተት ነው፤ የሰማነው ቀረጻ የገዛ ትንፋሿ ነው» አሉ። ሰርገኛው ምን እንደተባለ ሳይገባው እልል አለላቸው። ሐጂ ከድር ቆባቸውን አስተካከሉ።

«አሁን ሚዛኑ ልክ ነው» አሉና ልጃቸው የሳክስፎኗን ሳጥን እስክትዘጋ ጠበቋት።

አልበሙ ወጥቷል። የብሩክ ቀረጻም ክላክሱ እንዳለበት አብሮ ገብቷል። የሱሉልታውንም የሰርጉ ቪዲዮ አንሺ ቀርጾት ኖሮ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ቀረጻው ነው። መስኩ ላይ፣ በዚያ ሁሉ እልልታ መካከል፣ አንዲት ድምፅ በጥቂቱ ዝቅ ብላለች። ለሰሚራ ነገርኳት። «ሰምቻታለሁ፣ ዶክ፤ እርስዎም እንደሰሟት አውቄያለሁ» አለችኝ። ከተማሪም ከባልደረባም እንዲህ ያለ መልስ አግኝቼ አላውቅም።

በሌላው ነገር አልተለወጥኩም። ይቅር ያላልኳቸውን ሰዎች ይቅር አላልኩም፤ ለማለትም አላሰብኩም። የተለወጠው አንድ ነገር ነው። በፊት የገልባጭ መኪና ክላክስ ሲያምባርቅ መስኮቴን እዘጋ ነበር። አሁን አልዘጋም። ክላክሱ በየትኛው ድምፅ ላይ እንደሆነ ለይቼ እይዛለሁ፤ ከዚያም ከወዲያ ማዶ፣ ከብሩክ ስቱዲዮ ፍራሾች መካከል፣ መልሱ እስኪመጣ እጠብቃለሁ። አንዳንድ ቀን ይመጣል።